አንድ ቀን ብቻ በሮም፣ በእግር፦ የቱ ይታይ፣ የቱ ይቅር?

መንገደኛ_ዘቦሌ
ጤና ይስጥልኝ። ማለዳ ፊውሚቺኖ አየር ማረፊያ አርፎ በዚያው ዕለት ማታ ለሚበር ሰው የአንድ ቀን የእግር ዕቅድ እያወጣሁ ነው። ተጓዦቹ ሁለት ናቸው፤ አንዷ ከስድሳ ያለፉ፣ ሜዳ ላይ ደህና የሚራመዱ፣ ደረጃ ግን የሚከብዳቸው እናት ናቸው። የሸንገን ቪዛ አላቸው። ቀኑ ጥቅምት ውስጥ ረቡዕ ላይ ይውላል፣ ረቡዕን ደግሞ ይጾማሉ። ዝርዝሩ እስካሁን ይህ ነው፦ ኮሎሲየም፣ የሮማ ፎረም፣ ፓላቲን ኮረብታ፣ ፓንቴዮን፣ ትሬቪ ፏፏቴ፣ የስፔን ደረጃ፣ ፒያሳ ናቮና፣ የቫቲካን ሙዚየም፣ ቅዱስ ጴጥሮስ። በዛ? ከበዛ የቱ ይውጣ?

ተርሚኒ_ሰፈር
በዝቷል። መጀመሪያ የቫቲካን ሙዚየም ይውጣ። ሲስቲን ጸሎት ቤት ድረስ ሄዶ ለመመለስ ብቻ እንኳ ሦስት ሰዓት ይበላል። መግቢያውም አደባባዩ ላይ አይደለም፤ ግንቡን ዞሮ በስተሰሜን ቪያሌ ቫቲካኖ ላይ ስለሆነ ከአደባባዩ ሩብ ሰዓት ያስኬዳል። የስፔን ደረጃም ይውጣ። ከ2019 ወዲህ መቀመጥ የተከለከለበት ደረጃ ነው፤ ጉልበት ለሚያማቸው ሰው ምን ይረባል?

የቀረው ይሆናል። የሚከፈልበት አንድ ትልቅ ቦታ ብቻ ውስጡ ይገባና ሌላው ከውጭ ይታያል።

ረቡዕ መሆኑ ደግሞ መንገዱን ይወስናል። ረቡዕ ጠዋት ፓፓው ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ላይ ምእመናንን ይቀበላሉ፤ በዚያ ሰዓት ባሲሊካው ለጎብኚ ዝግ ነው፤ የሚከፈተው ቀትር ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ጉዞው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሁን፤ ጠዋት የጥንቷ ሮም፣ ከሰዓት ቫቲካን። ሌላ ቀን ቢሆን ባሲሊካው 7:00 ላይ ሲከፈት ከዚያ ጀምሩ እል ነበር።

ሰዓቱን ሁሉ በሮም አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ 9:00 ማለት ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ዓመቶቹም እ.ኤ.አ. ናቸው።

አውሮፕላኑ 6:00 አካባቢ ካረፈ 7:30 ላይ ባቡር ውስጥ መገኘት ጥሩ ነው። ከጥቅምት 2025 ወዲህ ድንበር ላይ አሻራና የፊት ፎቶ መውሰድ ስለተጀመረ የፓስፖርት ወረፋው ረዘም ይላል። ሻንጣውን ተርሚናል 3 ያለው ማስቀመጫ ተዉት፤ ማታ የምትመለሱት እዚያው ነውና ከተማ ድረስ መጎተት የለበትም። ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር 14 ዩሮ ነው፤ መንገድ ላይ ሳይቆም በ32 ደቂቃ ዋናው ባቡር ጣቢያ ተርሚኒ ያደርሳል።

ከተርሚኒ መጀመሪያ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን፣ 600 ሜትር ያህል። መግቢያው በነጻ ነው፣ በር ላይ ፍተሻ አለ። ከአምዶቹ በላይ የተደረደሩት ሞዛይኮች የ5ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ናቸው። በ2025 ያረፉት ፓፓ ፍራንሲስ የተቀበሩትም እዚህ ነው። ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

ከዚያ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ ሳን ፒየትሮ ኢን ቪንኮሊ ቤተ ክርስቲያን። የሚካኤል አንጄሎ የሙሴ ሐውልት ያለው እዚህ ነው፤ ቅዱስ ጴጥሮስ የታሰረበት እንደሆነ የሚታመነው ሰንሰለትም ከመንበሩ ሥር ተቀምጧል። 12:30 ላይ ተዘግቶ 15:00 ስለሚከፈት ቀትር ላይ ተመልሼ አየዋለሁ ያለ ሰው አያገኘውም። የስልኩ ካርታ በካቮር ጎዳና ከወሰዳችሁ ረጅም ደረጃ ይጠብቃችኋል፤ ለእናት የሚሻለው በቪያ ዴሌ ሴቴ ሳሌ ዞሮ መምጣት ነው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥታችሁ ላርጎ አኜዚ ስትደርሱ ኮሎሲየሙን ከላይ ሆናችሁ ሙሉውን ታዩታላችሁ። ፎቶ እዚያ ይነሣ፤ ታች ያለው ግርግር ነው። ቁልቁለቱን ወርዳችሁ ለ10:00 ወይም ለ10:30 የተቆረጠ ትኬት ይዛችሁ ትገባላችሁ። ከዚያ ወደ ፒያሳ ቬኔዚያ፣ ትሬቪ፣ ፓንቴዮን፣ ናቮና፣ ፖንቴ ሳንታንጄሎ ድልድይ፣ በመጨረሻ ቅዱስ ጴጥሮስ። ከተርሚኒ እስከ አደባባዩ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግቢ ውስጥ የምትራመዱትን አልቆጠርኩም።

ዶጋሊ87
ተርሚኒ ሰፈር፣ ከጣቢያው በር ያለውን ዘለልከው እኮ። ተርሚኒ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኴቼንቶ ይባላል፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ። በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሱትን ጦር ለማስታወስ የተሰጠ ስም ነው። ሐውልቱ፣ ከግብፅ የመጣ አነስ ያለ ኦቤሊስክ፣ ጥቂት ደቂቃ አለፍ ብሎ ከዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ ጎን ዛፍ ውስጥ ቆሟል። ከአዲስ አበባ የተዘረፈውን የይሁዳ አንበሳ በ1937 እግሩ ሥር አቁመውት ነበር፤ ዘርዓይ ደረስ በ1938 ሰይፉን የመዘዘው እዚያ ነው። አንበሳው ወደ አገሩ ተመልሷል። ከመንገዱ ብዙ አያስወጣም፤ ደርሶ መልስ አሥር ደቂቃ ነው።

ትኬት_ቆራጭ
የኮሎሲየም ትኬት ነገር አጥብቃችሁ ያዙ፤ ብዙ ሰው ቀኑ የሚበላሽበት እዚህ ነው።

መደበኛው ትኬት 18 ዩሮ ነው፤ ኮሎሲየምን፣ ፎረሙንና ፓላቲንን አንድ ላይ ያስገባል፣ ለ24 ሰዓት ያገለግላል። የሰዓት ቀጠሮ ያለው ለኮሎሲየሙ ነው። የሚለቀቀው ከጉብኝቱ 30 ቀን ቀደም ብሎ ስለሆነ ከዚያ በፊት ብትፈልጉ አታገኙም፣ ሳምንት ሲቀረው ብትፈልጉ ደግሞ የጠዋቱ ሰዓት ያልቃል። ከኮሎሲየም ፓርክ የራሱ ድረ ገጽ ግዙ። ፍለጋ ላይ ከላይ የሚወጡት ብዙዎቹ ሻጮች ናቸው፤ ያንኑ ትኬት አስጎብኚ ለጥፈውበት በእጥፍ ይሸጡታል።

ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ትኬቱ ላይ ስም ይጻፋል፤ በር ላይ ከመታወቂያ ጋር ይመሳከራል። የእኛ ሰው ችግር እዚህ ላይ ነው። ቅጹ ስምና የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ይሞላል። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን በቅደም ተከተሉና በፊደል አጻጻፉ ሳይቀር ገልብጡ። ፓስፖርቱንም ያዙ፤ የስልክ ፎቶ አይበቃም። የሁለቱን ትኬት በአንድ ሰው ስም መቁረጥም አይሆንም።

ትልቅ ቦርሳና የመስታወት ጠርሙስ አያስገቡም፤ በር ላይ ዕቃ የሚቀበላችሁም የለም። የመጨረሻው መግቢያ ከመዝጊያው አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። ጥቅምት ሲባል ደግሞ ልብ በሉ፦ የአውሮፓ ሰዓት ወደኋላ እስከሚመለስበት የኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ድረስ ቦታው 18:30 ይዘጋል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን 16:30 ነው። የእኛ ጥቅምት ሁለቱንም ይነካል።

ለእናት፦ ውስጡ ያለው ደረጃ ቀጥ ያለና ከፍ ከፍ ያለ ነው፣ ነገር ግን መራመድ ለሚቸግራቸው ሊፍት አለ። ዝም ብሎ ከመሰለፍ ሠራተኞቹን መጠየቅ ነው።

ባዶ_እግር60
ሁላችሁም ከኮሎሲየም ቀጥታ ወደ ፒያሳ ቬኔዚያ ትወስዷቸዋላችሁ። አበበ ቢቂላ የጨረሰበትን መንገድ ሳይረግጥ የሚመለስ ሐበሻ ምን ይባላል?

ኮሎሲየሙ አጠገብ ያለው ባለ ሦስት በር ቅስት የቆስጠንጢኖስ ቅስት ነው፣ በ315 የቆመ። የ1960 ኦሎምፒክ ማራቶን የመጨረሻ መስመር እዚያ ነበር። መነሻው ካምፒዶልዮ ኮረብታ ሥር ስለነበር ዛሬም መነሻና መድረሻውን በአንድ ጠዋት በእግር ማገናኘት ይቻላል። ሴፕቴምበር 10 ምሽት ላይ ነበር፤ የአፒያ መንገድን በችቦ አብርተውት አበበ በባዶ እግሩ በ2:15:16 ገባ፣ ሞሮኳዊው ራዲ ተከተለው።

ቅስቱን ጀርባ ሰጥታችሁ ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮን ወደ ደቡብ ያዙ። ስድስት መቶ ሜትር ያህል ነው፤ ዛፍ ያለው፣ ሰፊ፣ ደረጃ የሌለው የእግረኛ መንገድ ነው። መጨረሻው ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና ነው። በቀኝ ሰፊው ባዶ ሜዳ የሠረገላ መሮጫው ቺርኮ ማሲሞ፣ ፊት ለፊት ነጩ ሕንፃ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ዋና መሥሪያ ቤት። ያ ሕንፃ የተጀመረው ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር፤ የአክሱም ሐውልትም በ1937 ከፊቱ ተተክሎ እስከ 2003 ቆሟል። አበበ ተፎካካሪውን ጥሎ የወጣው በዚያ ሐውልት አጠገብ ሲያልፍ ነው። ሐውልቱ በ2005 በሦስት ተቆርጦ በአንቶኖቭ አክሱም ገባ፣ በ2008 ቆመ። አሁን አደባባዩ ላይ የምታዩዋቸው ሁለት የጥንት አምዶች ለሴፕቴምበር 11 ሰለባዎች መታሰቢያ የተደረጉ ናቸው፤ የእኛ ቅሪት መስሎት ፎቶ የሚነሣ አይጠፋም።

ደርሶ መልስ ግማሽ ሰዓት ነው። ደከመን ካሉ ቺርኮ ማሲሞ ሜትሮ እዚያው ነው፤ በሜትሮ ቢ አንድ ፌርማታ ኮሎሲየም ይመልሳቸዋል።

ተርሚኒ_ሰፈር
ባዶ እግር፣ ተቀብያለሁ። ያ ግማሽ ሰዓት ከየት ይምጣ ለሚለው፣ ፎረሙ ይቀነስ። የፎረሙ ውስጥ መንገድ የጥንቱ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ጎድጓዳና ወጣ ገባ ነው፣ ጥቅምት ደግሞ ሮም የሚዘንብበት ወር ስለሆነ ያንሸራትታል። ጤነኛ ጉልበት እንኳ ይፈትናል። ከካምፒዶልዮ ጀርባ፣ ከከንቲባው ቤተ መንግሥት በስተቀኝና በስተግራ ያሉት ሰገነቶች ፎረሙን ሙሉ በሙሉ በነጻ ያሳያሉ።

ሳሌም77
እዚህ ላይ አልስማማም። የተከፈለበትን ትኬት ይዞ በር ላይ መመለስ አይሆንም! ሙሉውን አትዙሩት፤ ከኮሎሲየም በኩል ገብታችሁ የቲቶ ቅስት ሥር ብቻ ድረሱ። በቅስቱ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የሮማ ወታደሮች በ70 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የዘረፉትን ሰባት ቅርንጫፍ ያለውን መቅረዝ ተሸክመው ሲያልፉ ተቀርጿል። መጽሐፍ ቅዱስ ላነበበ ሰው ከመላው ፎረም ይህ ይበልጥበታል። ሃያ ደቂቃ በቂ ነው፤ ፓላቲንን ግን እኔም እተወዋለሁ፣ አቀበት ነው።

ተርሚኒ_ሰፈር
ለሃያ ደቂቃ ሲባል ፍተሻው ላይ ሌላ ሃያ ደቂቃ መሰለፍ አለ። ሰልፉ አጭር ከሆነ ይግቡ፣ ከረዘመ ይለፉት። ከዚህ በላይ አልሟገትም።

ዶጋሊ87
ከኮሎሲየም ወደ ፒያሳ ቬኔዚያ በቪያ ዴይ ፎሪ ኢምፔሪያሊ ስትሄዱ በግራ ግድግዳው ላይ አራት የእብነ በረድ ካርታዎች አሉ፤ የጥንቷ ሮም ግዛት እያደገ ሲሄድ የሚያሳዩ ናቸው። አምስተኛው የ1936ቱን ግዛት፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ የሚያሳይ ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ተነሣ። ፒያሳ ቬኔዚያ ስትደርሱ ደግሞ ፊታችሁን ወደ ነጩ ግዙፍ ሐውልት አድርጋችሁ ስትቆሙ በቀኝ ያለው ቡናማ ሕንፃ ፓላሶ ቬኔዚያ ነው። ሙሶሊኒ ሜይ 9 ቀን 1936 ኢትዮጵያን ያዝኩ ብሎ ያወጀው ከዚያ በረንዳ ላይ ነው። አደባባዩ በሜትሮ ሲ ቁፋሮ ታጥሯል፤ መሻገሪያው ዙሪያ ጥምጥም ስለሆነ ትዕግሥት ያዙ።

ፓንቴዮን ከገባችሁ የሁለት ነገሥታት መቃብር አለ። አንዱ ቀዳማዊ ኡምቤርቶ ነው፤ የውጫሌ ውል የተዋዋለው በእርሱ ስም፣ ዓድዋም የሆነው በእርሱ ዘመን። ብዙዎች የሠዓሊውን የራፋኤልን መቃብር ብቻ አይተው ይወጣሉ።

ሳሌም77
ፓንቴዮን ከጁላይ 2023 ጀምሮ 5 ዩሮ ያስከፍላል። ቅዳሴ ሲኖር ጎብኚ አይገባም፤ ረቡዕ ግን ብዙ ችግር የለውም። ጉልላቱ በስፋትም ከወለል እስከ ጫፉ ባለው ቁመትም 43.3 ሜትር ነው፤ አናቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ክፍት ስለሆነ ዝናቡ ውስጥ ይወርዳል፣ ወለሉ ላይ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች አሉት። ሲዘንብ መሐሉን ስለሚያጥሩት ጠርዝ ጠርዙን ትሄዳላችሁ።

ትሬቪ ላይ ከ2024 መጨረሻ ወዲህ ወደ ገንዳው ጠርዝ የሚወርደው ሰው በአንድ ጊዜ ከ400 እንዳይበልጥ በቁጥር ነው የሚገባው። ቀትር ላይ ሰልፉ ረጅም ከሆነ ከላይ ሆናችሁ ከአጥሩ ጀርባ እዩት፣ እንዲያውም ሙሉው የሚታየው ከዚያ ነው። ጠርዙ ላይ መቀመጥም እግር መንከርም ያስቀጣል።

ናቮና ላይ የበርኒኒን የአራቱ ወንዞች ፏፏቴ ስትዞሩ ፊቱን በጨርቅ የሸፈነውን ሰውዬ ፈልጉ። ዓባይ ነው። ፏፏቴው በ1651 ሲያልቅ ምንጩ አልታወቀም ተብሎ ነው የተሸፈነው፤ ግሽ ዓባይን ግን የእነርሱው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 አይቶት ነበር። ወሬው በርኒኒ ዘንድ አልደረሰም መሰለኝ።

ሽሮ_ወዳጅ
የጾሙን ነገር ማንም አላነሣም፤ ረቡዕ ብለዋል እኮ።

መጀመሪያ ሰዓቱ። የሮም ምግብ ቤቶች ኩሽና 15:00 ገደማ ይዘጋና 19:00 አካባቢ ይከፈታል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ልክ ሲፈታ በሩ ይዘጋበታል። መፍትሔው ፒሳ አል ታልዮ ነው፤ በትልቅ ትሪ ተጋግሮ በመቀስ እየተቆረጠ በኪሎ የሚሸጥ ፒሳ። እነዚህ ሱቆች ቀኑን ሙሉ ክፍት ናቸው። ዋጋው የተጻፈው ብዙ ጊዜ ለመቶ ግራም ነው፤ እነርሱ ኤቶ ይሉታል። በእጃችሁ የምትፈልጉትን ስፋት አሳዩ፣ ሳይቆርጡ በፊት። አለዚያ እነርሱ በለመዱት ይቆርጡላችሁና ሂሳቡ ያስደነግጣል።

የጾም የሚሆነው፦ ፒሳ ሮሳ (ቲማቲም ብቻ)፣ ፒሳ ማሪናራ (ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖ፤ ስሙ የባሕር ቢመስልም ዓሣ የለበትም)፣ ድንች ያለበት ፒሳ ኮን ፓታቴ አይብ ከሌለው። ፒሳ ቢያንካ ዘይትና ጨው ነው፤ አንዳንድ ዳቦ ቤት የአሳማ ስብ ስለሚጨምር "ቼ ስትሩቶ?" ብሎ መጠየቅ ነው። ቁጭ ብሎ መብላት ከተቻለ ፓስታ አላራቢያታ ወይም አልዮ ኤ ኦልዮ ይዘዙና "ሴንዛ ፎርማጆ" በሉ፤ ካላላችሁ አይብ ይነሰንሱበታል። ካርቾፊ አላ ጁዲያ በዘይት የተጠበሰ አርቲቾክ ነው፤ ግን ወቅቱ የአውሮፓ ክረምትና ጸደይ ነው፣ በጥቅምት ብታገኙ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ፑንታሬሌ የሚባለው ሰላጣ ውስጥ አንቾቪ ዓሣ አለ።

በፍስክም ቀን ቢሆን የሮም ዝነኞቹ ፓስታዎች ካርቦናራ፣ አማትሪቻናና ግሪቻ ሦስቱም የአሳማ ሥጋ አለባቸው። ለሙስሊሙም ለእኛም አይሆኑም። ካቾ ኤ ፔፔ ብቻ አይብና ቁንዶ በርበሬ ነው።

ቡና ባንኮኒ ላይ ቆሞ ሲጠጣ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ተቀምጦ ከሆነ እጥፍም ይሆናል። ብዙ ቦታ መጀመሪያ ገንዘብ ተቀባዩ ዘንድ (ካሳ ይሉታል) ከፍሎ ደረሰኙን ባንኮኒው ላይ ማስቀመጥ ነው። የሶያ ማኪያቶ ብዙ ባር አለ። ኮርኔቶ የሚሉት እንደ ክሩዋሳን ያለ የቁርስ ኬክ ቅቤና እንቁላል አለበት። አይስክሬም ካማራቸው የፍራፍሬውን "ሴንዛ ላቴ?" ብለው ይጠይቁ፤ ሎሚና እንጆሪ አብዛኛውን ጊዜ ወተት የላቸውም።

ሽንት ቤቱም ባር ውስጥ ነው። አንድ ቡና ጠጥቶ መጠቀም የተለመደ ነው፤ በእግር ለሚሄድ ሰው በየሁለት ሰዓቱ አንድ ቡና የሚባለው ለዚህ ነው።

ኮብልስቶን
ጫማ። የሮም መሐል ከተማ ኮብልስቶን አናቱ ጎበጥ ያለ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ በመሐሉ ክፍተት አለው። ቀጭን ሶል በሁለት ሰዓት እግር ይፈጃል፣ ተረከዝ ያለው ጫማ ይሰነቀራል። ወፍራም ሶል ያለው የተለመደ ስኒከር ይደረግ፤ አዲስ ጫማ ለዚያ ቀን አይገዛ።

ውኃ አትግዙ። በየመንገዱ ናሶኔ የሚባሉ የብረት ቧንቧዎች አሉ፣ ከተማው ውስጥ 2,500 ያህል ናቸው፤ ውኃቸው ሳይቋረጥ ይፈሳል፣ ንጹሕ ነው። ጠርሙስ ለመሙላት እንዲሁ ከሥር ማስጠጋት ነው። ለመጠጣት የቧንቧውን ጫፍ በጣት ድፈኑት፤ ከላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ወደ ላይ ይፈነጠቃል። ፊታችሁን አርቁ ታዲያ።

ሌባ። 64 ቁጥር አውቶቡስ ከተርሚኒ ወደ ቫቲካን ስለሚሄድ ኪስ አውላቂ የሚወደው መሥመር ነው። ቦርሳ ከፊት፣ ስልክ የኋላ ኪስ ውስጥ የለም። ኮሎሲየም ዙሪያ "አፍሪካ! ወንድሜ!" እያለ ክር እጃችሁ ላይ የሚያስር ካጋጠማችሁ እጃችሁን ኪስ ከትታችሁ እለፉ፤ ካሰረ በኋላ ገንዘብ ይጠይቃል። እንደ ጥንት ወታደር ለብሰው ፎቶ የሚያስነሡትም በነጻ አይደለም።

ሰሎሜ_ዲሲ
የቪዛ ነገር ልጨምር፣ ሌላ አንባቢ ሊሳሳት ይችላል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው በሸንገን አየር ማረፊያ ለማለፍ ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። ያ ኤ የሚባለው ቪዛ ከአየር ማረፊያው አያስወጣም። ከተማ ለመግባት ሲ ነው። የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከትራንዚት ቪዛው ነጻ ነው፤ ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ ከሆነ ግን ግሪን ካርዱ ሮም ከተማ አያስገባውም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያምታታዋል።

ዘቅዱስ_እስጢፋኖስ
ወደ ቫቲካን ልምጣ። ከናቮና ፖንቴ ሳንታንጄሎ 800 ሜትር ያህል ነው፣ ከድልድዩ እስከ አደባባዩ ሌላ 800። ከ15:00 በኋላ ስትደርሱ የረቡዕ ጠዋቱ ሕዝብ ተበትኗል፤ ወንበሮቹ ግን ገና ሊኖሩ ይችላሉ። ባሲሊካው በነጻ ነው፣ ሰልፉ የፍተሻው ነው፤ በቀኝ በኩል ባሉት አምዶች ሥር ይጀምርና ይታጠፋል። ፀሐይም ዝናብም ላይ ነው።

ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው፤ ወንዱም ቁምጣ ለብሶ አይገባም። እናትዬዋ ነጠላ ከያዙ ያለቀለት ነገር ነው።

ጉልላቱን መውጣት ለእርሳቸው አልመክርም። ሁሉንም በእግር 551 ደረጃ ነው። ሊፍቱ የመጀመሪያውን ያህል ብቻ ያወጣል፤ 320 ደረጃ ይቀራል፣ የመጨረሻው ክፍል ጠባብና ያዘመመ ነው፣ ሐሳብ ቀይሮ መሐል ላይ መመለስ አይቻልም። ወጣቱ ብቻ ይውጣና እርሳቸው ውስጥ ይጠብቁት፤ ባሲሊካው ራሱ ከአንድ ሰዓት በላይ ያስቆያል።

ከባሲሊካው ጀርባ፣ ቫቲካን ግቢ ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለኢትዮጵያ መነኮሳትና ተሳላሚዎች የተሰጠ ነው። አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና በ1549 የግእዙን ሐዲስ ኪዳን ሮም ላይ ሲያሳትሙ የኖሩት እዚያ ነበር። ከመንገድ ዝም ብሎ የሚገባበት ቦታ ግን አይደለም፤ የስዊስ ዘቦች በር ላይ ናቸው። ቀድሞ የቫቲካን የአትክልት ስፍራ ጉብኝት የቆረጠ ሰው በግቢው ያልፋል። ጉልላቱን የወጣው ወጣት ወደ ምዕራብ ቢመለከት የአትክልቱን ስፍራና መሐሉ ላይ ያለውን የኢትዮጵያ ኮሌጅ ያያል።

መንገደኛ_ዘቦሌ
እግዜር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ። እናት መሐል ላይ ቢደክማቸው በምን ይሄዳሉ? ማታስ ከቫቲካን ተርሚኒ ተመልሶ ባቡር መያዝ ግድ ነው?

ተርሚኒ_ሰፈር
ሁለተኛውን ልመልስ። ሻንጣው አየር ማረፊያ ከቀረ ተርሚኒ መመለስ አያስፈልግም። ከአደባባዩ በስተደቡብ አሥር ደቂቃ ያህል ትንሽ ሽቅብ ስትሄዱ ሮማ ሳን ፒየትሮ የሚባል የባቡር ጣቢያ አለ። ከዚያ ትራስቴቬሬ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ትራስቴቬሬ ላይ ወርዳችሁ ኤፍ ኤል 1 የሚባለውን ትይዛላችሁ። በሥራ ቀን በየ15 ደቂቃው አለ፣ 8 ዩሮ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ፊውሚቺኖ ያደርሳል። ኤፍ ኤል 1 ተርሚኒ እንደማይገባ እወቁ፤ በተቃራኒው አቅጣጫ የተሳፈረ ሰው ቲቡርቲና ነው የሚያገኘው። የወረቀት ትኬት ከሆነ ሳትሳፈሩ በፊት ጣቢያው ላይ ባለው ትንሽ ማሽን ይታተም፤ ትኬት የገዛ ሰው እንኳ ሳያሳትም ከተገኘ ይቀጣል።

ከቀኑ በፊት ሾፔሮ፣ የሥራ ማቆም አድማ፣ እንዳለ ፈትሹ። አድማ ብዙ ጊዜ ዓርብ ላይ ነው የሚጠራው፣ ግን ሌላ ቀንም አይታጣም። በሥራ ቀን ከ6:00 እስከ 9:00 እና ከ18:00 እስከ 21:00 የአካባቢው ባቡሮች በአድማም ጊዜ እንዲሠሩ ሕጉ ያስገድዳል፤ የመመለሻችሁን ሰዓት በዚያ ውስጥ አድርጉት።

ኮብልስቶን
የመጀመሪያውን ደግሞ እኔ። አውቶቡስና ሜትሮ 1.50 ዩሮ ነው፣ 100 ደቂቃ ያገለግላል፤ ሜትሮ ግን በዚያ ትኬት አንዴ ብቻ ነው የሚገባው። የባንክ ካርድ በሩ ላይ ማስነካትም ይሠራል፤ ሁለት ሰው ከሆናችሁ ሁለት የተለያየ ካርድ ያስፈልጋል። ከፒያሳ ቬኔዚያ አካባቢ 40 እና 64 ወደ ቫቲካን ይሄዳሉ፤ 40 የሚቆምባቸው ፌርማታዎች ጥቂት ስለሆኑ ይፈጥናል።

ታክሲ ነጭ ነው፤ ከታክሲ ማቆሚያ ይያዛል፣ ሜትሩ ይብራ። ጣቢያው ውስጥ "ታክሲ? ታክሲ?" እያለ የሚመጣውን አትከተሉ። ወደ ፊውሚቺኖ ቋሚ ታሪፍ ያለው ከአውሬሊያን ግንብ ውስጥ ለሚነሣ ነው፤ ቫቲካን ከግንቡ ውጭ ስለሆነ ያ ዋጋ ላይሠራ ይችላል፣ ሳትሳፈሩ ጠይቁ።

እኔ ብሆን ለእርሳቸው ከኮሎሲየም እስከ ፒያሳ ቬኔዚያ ያለውን በእግር አስኬዳለሁ፣ ሜዳ ነው፣ ለግል መኪናም ዝግ ነው። ካምፒዶልዮን ግን በታላቁ ደረጃ አላወጣቸውም፤ ደረጃው ላላ ያለ ቢሆንም ረጅም ነው። በስተቀኙ ያለው የመኪና መንገድ ጠምዘዝ እያለ እዚያው ያደርሳል።